የእጅ ሰዓታችሁ ጠርዝ ላይ ከ60 እስከ 400 የተጻፈው ቁጥር ምንድን ነው? ከመኪና ዳሽቦርድ እስከ እጃችን



ከጢቾ አንድ ተከታታያችን የእጅ ሰዓት ፎቶ ልኮልን ሁለት ጥያቄ ጠይቆናል። የመጀመሪያው፣ "ጠርዙ ላይ ከ60 እስከ 400 የተጻፈው ምንድን ነው? ሰዓት ከ12 አያልፍ!" የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ "ኦሪጅናል ነው ብለው የአንድ ሙክት ዋጋ እየጠየቁኝ ነው፤ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?" ይላል። በሁለት መስመር መልሰንለት ልናልፍ ነበር። ነገሩን ስናየው ግን የመኪና ኪሎሜትር፣ የስንዴ ማሳ ላይ ያለ ትራክተርና የአርሲ ሯጭ ሁሉ የሚገቡበት ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ ሰፋ አድርገን እናስረዳ።

መጀመሪያ አጭሩ መልስ፦ ቁጥሮቹ ፍጥነት ናቸው። ቀለበቱ ታኪሜትር ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ስሙም እዚያው በላቲን ፊደል ተጽፎበታል። እንዲህ ዓይነት ሰዓት የተሠራው ለመኪና እሽቅድምድም ሰዎች ነው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። አስፋልት ዳር የኪሎ ሜትር ምልክት አለ አይደል? መኪናው አንዱን ምልክት ሲያልፍ የሰዓቱን የላይኛውን ቁልፍ ትጫናላችሁ። መሐል ላይ ያለው ረጅምና ቀጭን ጠቋሚ መዞር ይጀምራል። ቀጣዩ ምልክት ላይ ስትደርሱ ያንኑ ቁልፍ ደግማችሁ ስትጫኑ ይቆማል። ጠቋሚው ጠርዙ ላይ የቆመበት ቁጥር በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ እንደነበር ይነግራችኋል። ምንም ምስጢር የለውም። በአንድ ሰዓት ውስጥ 3,600 ሰከንድ አለ፤ ያንን አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ በፈጀው ሰከንድ ማካፈል ነው። 60 ሰከንድ ከፈጀ ፍጥነቱ 60 ነው፤ 45 ሰከንድ ከፈጀ 80፤ 36 ከፈጀ 100፤ 30 ሰከንድ ብቻ ከፈጀ ደግሞ 120 ነው። ቀለበቱ ይህንን ማካፈል ቀድሞ ሠርቶ አስቀምጦላችኋል ማለት ነው።

መኪናው ከ60 በታች የሚሄድ ከሆነ ግን ጠቋሚው አንድ ዙር ጨርሶ ሁለተኛውን ስለሚጀምር ቁጥሩ ያሳስታል። ያኔ ግማሽ ኪሎ ሜትር ብቻ ለክታችሁ ያገኛችሁትን ቁጥር ለሁለት ታካፍላላችሁ። ለፒስታ መንገድ የሚሻለው ይኸኛው ነው።

"ይሄ ለእኛ ምን ያደርግልናል?" የሚል አይጠፋም። እስኪ ከጢቾ አሰላ ወይም ከአሰላ አዳማ ጋቢና ተቀምጣችሁ የሄዳችሁበትን ቀን አስታውሱ። የስንቱ ቅጥቅጥና አባዱላ ኪሎሜትር ነው የሚሠራው? ካቦው ከተበጠሰ ቆይቷል፤ ጠቋሚው ዜሮ ላይ ተኝቷል፤ መኪናው ግን ይበራል። ተሳፋሪ "ወንድሜ፣ እባክህ ቀስ በል" ሲል ሹፌሩ "ኧረ ቀስ ብዬ ነው" ይላል። ማን ይዳኝ? ሰከንድ ቆጥሮ "ወንድሜ፣ ይህችን ኪሎ ሜትር የጨረስናት በ33 ሰከንድ ነው፤ ከ100 በላይ እየሄድክ ነው" ማለት የሚችል ተሳፋሪ ካለ ጭቅጭቁ ሌላ መልክ ይይዛል። ለዚህ ውድ ሰዓት አያስፈልግም፤ የስልካችሁ ሰከንድ ቆጣሪና 3,600 የምትለዋ ቁጥር ይበቃሉ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ይህ የተሳፋሪ ሥራ ነው። ሹፌር መሪ ይዞ ሰዓት አይነካካ!

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። የእጅ ሰዓትና የመኪና ዳሽቦርድ የሚመሳሰሉት አንዱ ሌላውን ስለቀዳ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሠሪያቸው አንድ ነበር። የእንግሊዙ ስሚዝስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ በሰዓት ሱቅነት የተጀመረ ድርጅት ነው። መኪና ሲመጣ ወደ ኪሎሜትርና ወደ ጌጅ ሥራ ገባ። በእነ ጃጓር፣ በእነ ኤምጂ ዳሽቦርድ ላይ የምናያቸውን፣ ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ቁጥር ያላቸውን ክብ ጌጆች ይሠራ ነበር። የእኛ ገጠር በደንብ የሚያውቃቸው የድሮ ላንድሮቨሮች ጌጆችም የእሱ ሥራ ናቸው። እ.ኤ.አ በ1953 የኤቨረስትን ጫፍ የረገጠው ቡድን ይዞት የወጣው ሰዓትም ከዚሁ ድርጅት ነበር።

ስሚዝስ የማሴይ ፈርጉሰን ትራክተር ቆጣሪዎችንም ሠርቷል። የአርሲ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። ካዱ በመባል የሚታወቀው የጭላሎ የግብርና ልማት ፕሮጀክት እ.ኤ.አ በ1967 በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ ከተቋቋመ ወዲህ፣ በኋላም አርዱ ተብሎ መላ አርሲን ሲያዳርስ፣ ትራክተርና ኮምባይነር የዚህ ደጋ ሕይወት አካል ሆነዋል። (ትራክተሩ ለሁሉም በረከት ይዞ አልመጣም። ባለመሬቶች በማሽን ራሳቸው ማረስ ሲጀምሩ ብዙ ጭሰኞች ከመሬታቸው ተነቅለዋል። ያ ታሪክ ግን ለብቻው ጽሑፍ ይፈልጋል።)

የድሮውን ማሴይ ፈርጉሰን ዳሽቦርድ ያየ ሰው ያስታውሰዋል። አንዱ ክብ ሁለት ሥራ ይሠራል። ጠቋሚው የሞተሩን ዙር ያሳያል፤ ትንሿ የቁጥር መስኮት ደግሞ ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት ትቆጥራለች። ትራክተር ዕድሜው የሚነገረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ነውና ይህች መስኮት ትልቅ ገንዘብ ታንቀሳቅሳለች። ብዙ ገዢ የማያውቀው ነገር አለ። የድሮዋ ቆጣሪ በካቦ ከሞተሩ ጋር የተያያዘች ስለሆነች እንደ እጅ ሰዓት እኩል አትሄድም። ሞተሩ በሙሉ የሥራ ዙሩ ሲዞር አንዱን ሰዓት አንድ ሰዓት ብላ ትመዘግባለች። በግማሽ ዙር ሲሠራ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ተሠርቶ የምትመዘግበው ግማሽ ሰዓት ነው። ካቦው ከተበጠሰ ደግሞ ጭራሽ ትቆማለች፤ ትራክተሩ ግን ማረሱን ይቀጥላል። እና ያገለገለ ትራክተር ልትገዙ ሄዳችሁ "ገና ትንሽ ሰዓት ነው የሠራው" ስትባሉ ቁጥሩን ብቻ አትመኑ። ሞተሩን አስነስታችሁ ነዳጅ ሲሰጠው ጠቋሚው ከፍ ዝቅ ማለቱን እዩ። የፔዳሎቹን መበላትም ተመልከቱ።

ጣሊያኖቹ ጋ ስንሄድ ተመሳሳይ ታሪክ እናገኛለን። ቦርሌቲ የሚባሉ ወንድማማቾች ያቋቋሙት የሚላኖ ድርጅት "ቬሊያ" በሚል ስም ደወል ያለው የጠረጴዛ ሰዓትም፣ የመኪና ጌጅም ይሠራ ነበር። በፌራሪ ላይም በተራው ፊያት ላይም ይገጠም ነበር። ዛሬ አሜሪካን ሀገር አውቶድሮሞ የሚባል፣ እ.ኤ.አ በ2011 የተመሠረተ ድርጅት አለ። ሥራው የእነዚያን የድሮ ጌጆች መልክ በእጅ ሰዓት ላይ መመለስ ነው፤ ቀጭን ጠቋሚ፣ ትልልቅ ቁጥር፣ ጠለቅ ያለ ጥቁር መደብ። ደንበኞቹ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍሉበታል። እኛ ሀገር የሴይቼንቶ ታክሲና የኤንትሬ ሹፌር የነበሩ አባቶች የዚያን ዘመን የጣሊያን ዳሽቦርድ ዕድሜ ልካቸውን ሲያዩት ኖረዋል። "ለዚህ ነው እንዴ ዶላር የሚከፈለው?" ቢሉ አንፈርድባቸውም።

ዝምድናው ከላይ መልክ ብቻ አይደለም፤ ወደ ውስጥም ይዘልቃል። ካቦ ያለው የድሮ ኪሎሜትር የሚሠራበትን ዘዴ ኦቶ ሹልትዘ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ በ1902 አስመዝግቦታል። ካቦው ከጊር ሳጥን እየዞረ መጥቶ ማግኔት ያዞራል። ማግኔቱ ሳይነካው በላዩ የተደፋውን ስስ የአሉሚኒየም ክዳን አብሮ ሊያዞረው ይጎትተዋል። ክዳኑ ግን እንደ ፀጉር በቀጠነች ጥቅል ሞላ ታስሯል። ማግኔቱ ሲፈጥን ጉተታው ይበረታል፣ ሞላዋ ትለጠጣለች፣ ጠቋሚው ከፍ ይላል። መኪናው ሲቆም ሞላዋ ወደ ዜሮ ትመልሰዋለች። እንዲህ ዓይነቷ ቀጭን ጥቅል ሞላ በሚሞላ የእጅ ሰዓት ውስጥም አለች፤ ምትዋን እየጠበቀች ሰዓቱን የምታስኬደው እሷ ናት። ከዚህ ያለፈም አለ። ስሚዝስ ለሞተር ሳይክሎችና ለእሽቅድምድም መኪኖች በሠራቸው አንዳንድ ኪሎሜትሮች ውስጥ የእውነት የሰዓት ማሽን አለ። በየአጭር ጊዜው ዙሩን ቆጥሮ ውጤቱን ስለሚያሳይ ጠቋሚው የሚሄደው እየዘለለ ነው።

እሺ፣ ዳሽቦርዱ እጅ ላይ እንዴት ወጣ? የስዊዙ ሆየር (የዛሬው ታግ ሆየር) እ.ኤ.አ በ1911 መኪናና አውሮፕላን ላይ የሚገጠም፣ የጉዞ ጊዜ የሚቆጥር ሰዓት አወጣ። በ1933 ደግሞ አውታቪያ የሚባል የዳሽቦርድ ሰዓት ሠራ፤ ስሙ ከ"አውቶሞቢል" እና ከ"አቪዬሽን" የተቆረጠ ነው። ከዚህ በኋላ የሆነውን ነገር እንወደዋለን። የቤተሰቡ ልጅ ጃክ ሆየር እ.ኤ.አ በ1958 ራሊ ላይ ተሳትፎ ነበር። የገዛ ድርጅቱን የዳሽቦርድ ሰዓት በአንድ ደቂቃ አሳስቶ አነበበው። መኪናው እየተንገጫገጨ የትንሿን ክብ ቁጥር መለየት አልቻለም። በዚያ ስህተት አንደኝነቱ አመለጠውና ሦስተኛ ወጣ። ተናዶ ቀረ? አልቀረም። ድርጅቱን መምራት ሲጀምር በአንድ እይታ የሚነበብ ሰዓት ይሠራ ዘንድ ቆርጦ ተነሳ። በ1962 አውታቪያን የእጅ ሰዓት አደረገው፤ በ1963 ካሬራን አወጣ።

የዳሽቦርድ ውበት የሚባለው ነገር ሥሩ ይኸው ነው። በፍጥነት የሚነዳ ሰው ዓይኑን ከመንገዱ የሚያነሳው ለቅጽበት ነው። ስለዚህ ጥቁር ላይ ነጭ፣ ጠቋሚው ቀይ ወይም ብርቱካናማ፣ መደቡ የማያብረቀርቅ ይሆናል። የእሽቅድምድም ሹፌሮች የሞተር ዙር ጌጁን ራሱን ጠመም አድርገው ይገጥሙት ነበር፤ ሞተሩ ከፍተኛው ዙር ላይ ሲደርስ ጠቋሚው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እንዲቆም። ቁጥር ማንበብ አያስፈልግም፣ ቀጥ ካለ ጊር ቀይር ነው። ክብ ክብ ቀዳዳ ያላቸው የቆዳ ማሰሪያዎችም የመጡት ከዚያው ዓለም ነው።

ሌሎቹን በፍጥነት እንለፋቸው። የኦሜጋ ስፒድማስተር እ.ኤ.አ በ1957 ታኪሜትሩን ከመስታወቱ ሥር አውጥቶ ውጨኛው ጠርዝ ላይ አደረገው። ለመኪና ሰዎች የታሰበ ሰዓት ነበር፤ ዕድሉ ሆኖ በ1969 ጨረቃ ላይ ደረሰ። ሮሌክስ ዴይቶናን ያወጣው በ1963 ነው፤ ስሙ ፍሎሪዳ ያለው የመኪና መወዳደሪያ ነው። ተዋናዩና የመኪና ተወዳዳሪው ፖል ኒውማን ያሰረው ዴይቶና እ.ኤ.አ በ2017 ኒውዮርክ ውስጥ በጨረታ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። የሰጠችው ባለቤቱ ናት። ከጀርባው "ተጠንቅቀህ ንዳ፣ እኔ" የሚል አስቀርጻበታለች።

ይህን ስንጽፍ ሻምበል አበበ ቢቂላ ትዝ አለን። ሮም ላይ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ነጥብ 2 ሰከንድ ብሎ ዓለምን ያስደነቀ ሰው፣ እ.ኤ.አ በመጋቢት 1969 በሚነዳት ቮልስዋገን አደጋ ደርሶበት ከወገቡ በታች ሽባ ሆኖ ቀረ። የዚያ ዘመን ቮልስ ዳሽቦርድ ላይ ጎልቶ የሚታየው አንድ ክብ ኪሎሜትር ብቻ ነበር።

ስለ ሯጭ ካነሳን ታኪሜትሩን ለእግርም መጠቀም ይቻላል። የአርሲ ልጆች ደግሞ ከሰከንድ ጋር የቆየ ዝምድና አላቸው፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ ከአሰላ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂ አካባቢ። ሯጭ ኪሎ ሜትሩን በአንድ ደቂቃ አይጨርስም፤ ስለዚህ 100 ሜትር ለክታችሁ ያገኛችሁትን ቁጥር ለ10 ታካፍላላችሁ። ጎረምሳው 100 ሜትሩን በ20 ሰከንድ ከሮጠ ጠቋሚው 180 ላይ ይቆማል፤ ፍጥነቱ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ነው። አሁን ይህን እዩ። ኃይሌ እ.ኤ.አ በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ሲጨርስ እያንዳንዷን 100 ሜትር በአማካይ በ17.6 ሰከንድ ነው የሄደው፤ በታኪሜትሩ 204፣ ማለትም በሰዓት 20.4 ኪሎ ሜትር። ቀነኒሳ በ2019 እዚያው በርሊን 2:01:41 ሲገባ ደግሞ 20.8 ይመጣል። ጎረምሳችንን አንዷን መቶ ሜትር በዚያ ፍጥነት ሞክር በሉት። ከዚያ 421 ጊዜ ድገመው በሉት።

ወደ ወንድማችን ሁለተኛ ጥያቄ እንምጣ። የላከው ፎቶ ላይ የዴይቶና ስም አለ። በሙክት ዋጋ ኦሪጅናል ዴይቶና የሚባል ነገር የለም፤ እዚህ ላይ መከራከር አያስፈልግም። ጥያቄው ቢያንስ የሚሠራ ነገር ነው ወይ የሚለው ነው። ይህን ሱቅ ቆማችሁ ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። እውነተኛ ክሮኖግራፍ ላይ መሐል ያለው ቀጭን ጠቋሚ ዝም ብሎ 12 ቁጥር ላይ ይቆማል፤ የዘወትሩን ሰከንድ የሚቆጥረው ከትንንሾቹ ክቦች አንዱ ነው። ላይኛውን ቁልፍ ስትጫኑ መሐለኛው ይነሳል፣ ስትደግሙት ይቆማል፣ ታችኛውን ስትጫኑ ተመልሶ 12 ላይ ይገባል። መሐለኛው ሳትነኩት የሚዞር ከሆነ፣ ቁልፎቹን ስትጫኑም ምንም ካልተለወጠ፣ ትንንሾቹ ክቦችም ሥዕል ከሆኑ፣ የገዛችሁት ጌጥ ነው።

ሻጮች የማያስቡት ሌላ መፈተሻም አለ፤ የቀለበቱ ቁጥሮች ቦታቸው በሒሳብ የተወሰነ ነው። በ3 ቁጥር ትይዩ (15 ሰከንድ) 240 መሆን አለበት። በ6 ትይዩ 120፣ በ9 ትይዩ 80፣ በ12 ትይዩ 60። በተላከልን ፎቶ ላይ 240 ያለው ከ4 ቁጥር ፊት ለፊት ነው። ይህን ሰዓት ያመነ ሰው ጢቾ ሳይደርስ ፍጥነቱን አሳስቶ ያነባል! ስለዚህ ወንድማችን፣ በዚያ ዋጋ ይቅርብህ። መልኩን ከወደድከው የጌጥ ዋጋ ተከራክረህ ውሰድ፤ ድንጋዩ ሲያልቅ አዲስ ድንጋይ የሚቀይርልህ ሰዓት ሠሪ በቅርብ መኖሩንም አረጋግጥ። ሥራውን የሚሠራ ነገር ከፈለግክ የካሲዮና የሴይኮ ባለ ድንጋይ ክሮኖግራፎች ከእነ ዴይቶና ጋር በማይወዳደር ዋጋ በትክክል ይቆጥራሉ፤ እነሱንም ቢሆን ከላይ እንዳልነው ፈትሽ፣ በስማቸው የሚሸጥ ሐሰተኛ ሞልቷልና።

አንድ ነገር እንጨምር፤ በዚሁ ጉዳይ ሌሎችም ጠይቀውናል። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር መሙላት ታኪሜትሩን ያበላሻል ወይ? አያበላሽም፤ ሰከንድ የሐበሻና የፈረንጅ የለውም። የሚቸገረው የቀን መስኮት ያለው ሰዓት ነው። ቀኑ የሚቀየረው ጠቋሚው በ24 ሰዓት አንዴ 12 ላይ ሲደርስ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ስትሞሉት ወይ ማለዳ 12 ወይ ምሽት 12 ላይ ይቀየራል ማለት ነው። ምሽት ላይ የሚቀይርባችሁ ከሆነ ጠቋሚዎቹን 12 ሰዓት ወደፊት አዙሯቸው፤ ማለዳ ላይ ይሆንላችኋል። በእኛ ቀን የምትሞሉት ከሆነ ደግሞ መስኮቱ እስከ 31 ስለሚቆጥር ወሩ ባለቀ ቁጥር አንድ ቀን ወደፊት መግፋት አለባችሁ። ጳጉሜን ሲመጣማ ሥራ አለላችሁ።

የድሮ ላንድሮቨር፣ ኤንትሬ፣ ቮልስ ወይም ማሴይ ፈርጉሰን ዳሽቦርድ ደጃችሁ ላይ ካለ ጌጁን ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ የሠሪው ስም ብዙ ጊዜ ከቁጥሮቹ ሥር በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን፣ አብረን እናያለን።